ከቅስቱ ሥር የቆመችው ልጅ

ታላቁ ጦርነት አልቆ፣ መንግሥታት የተረፋቸውን ብረት ወደ ሐዲድ ማቅለጥ በጀመሩበት ዘመን፤ ዝናቡ ባባራበት በመጀመሪያው ደረቅ ወር፤ ወንዙ ጎድሎ በሆዱ ያሉት ድንጋዮች እንደ ሽማግሌ ጥርስ አንድ ባንድ ብቅ ባሉበት ጠዋት፤ የከተማይቱ ሰው ሁሉ በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ከወዲህኛው ዐለት እስከ ወዲያኛው ዐለት በአንድ ትልቅ ቅስት የተወረወረው የድንጋይ ድልድይ፣ የእንጨት መደገፊያው ተነቅሎለት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እግር ቆሟል። በማዶ በኩል አሸዋ የተጫኑ ፉርጎዎች የተቀጠሉበት ባቡር ጭሱን እየተፋ ፊሽካ ይጠብቃል፤ በወዲህ በኩል ክቡር የሥራ ሚኒስትሩ በተነጠፈላቸው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከቅስቱ ሥር ደግሞ፣ በእርጥቡ ጠጠር ላይ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት አንዲት ልጃገረድ ብቻዋን ቆማ ወደ ላይ ታያለች።

እዚያ ምን እንዳቆማት ለመናገር ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት «ሴቶች ልጆች በመሐንዲስነትና በልዩ ልዩ የቴክኒክ ሙያ ይበረታቱ» የሚል አዋጅ ወጥቶ ነበር። አዋጁ በአደባባይ ሲነበብ ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ ሴቶቹ ግን አልሰሙትም፤ ሥራ ላይ ነበሩና። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረትም ከዚያች ዕለት ጀምሮ እንደ ተሻረ ተነገረ፤ ችግሩ፣ ተረቱ አዋጁን አላነበበም። የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ በበኩሉ አዋጁን ለመፈጸም አልዘገየም፤ በንድፍ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ትልቅ መስታወት ሰቀለ። ሴቶችን ማበረታታት ከየት እንደሚጀመር ከዚህ የተሻለ ሐሳብ ያመጣ መምህር አልተገኘም።

ከገቡት ልጃገረዶች አንደኛዋን ባል ወሰዳት፤ ሁለተኛዋን የእናቷ ሕመም ጠራት፤ ሦስተኛዋ፣ ወንዶቹ በየጠዋቱ ወንበሯ ላይ ሙጫ መቀባት አልሰለቻቸው ሲል እሷ ሰለቻትና ቀረች። የጸናችው አንዲት ብቻ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ስትቀመጥም ቀጥ ትላለች፤ ስለዚህ ወንዶቹ «ማስመሪያ» አሏት። ለስድብ ያወጡት ስም ነበር፤ እሷ ግን ሲጠሯት «አቤት» ማለት ከጀመረች ወዲህ ስድቡ ጣዕሙን አጣ።

ማስመሪያ አባቷን አታውቅም። እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገቻት፤ እጅዋ ውኃ የላሰው ሳሙና የመሰለ፣ አፏ ግን ገና ያልተነካ ሳሙና የሆነ ሴት ነበረች። ከድንጋይ ጋር ያስተዋወቃት አጎቷ ነው። የግንበኞች አለቃ ነበር፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም። ገና ጥርሷ ሳይነቀል መሮ ያስይዛት፣ የድንጋይን ሆድና ጀርባ በመዳፏ እንድትለይ ያስተምራት ነበር። ድንጋይ ላይ ጽሕፈት ሲቀርጽ አንድ ልማድ ነበረው፤ በየመስመሩ መጨረሻ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጭረት ያኖራል። ያችን ጭረት እንድትመታ በልጅነቷ መዶሻውን ይሰጣት ነበር፤ «በይ ልጄ፤ ዝጊልኝ» ይላታል፤ እሷም ትዘጋለች።

እንዲህ ያለ አጎት ስላላት ሁለት ጊዜ እድለኛ እንደሆነች ታስብ ነበር፤ አንዴ በደሙ፣ አንዴ በሙያው።

አሁን ስለ ዋና መሐንዲሱ እንናገር። የትምህርት ቤቱም የድልድይ ሥራውም የበላይ ነበሩ፤ ግርማቸው የሚያስፈራ፣ ድምፃቸው የሚያባብል፣ ጢማቸው በየጠዋቱ በዘይት የሚታሽ ሰው። በወጣትነታቸው በሌላ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠርተው ነበር። የመጀመሪያው ጭነት በሚያልፍበት ቀን ጥርሳቸውን ታመሙና ከቤት ዋሉ፤ ድልድዩም አለቃውን በማጣቱ ተቀይሞ ይሁን ወይም በሌላ ምክንያት፣ የውኃ በርሜል የጫነች በቅሎ ስትረግጠው ወረደ። በቅሎዋ ዋኝታ ወጣች። የእሳቸው ጥርስ በማግስቱ ዳነ። ከዚያ ወዲህ ድልድይ መሥራት ትተው ስለ ድልድይ ንግግር ማድረግ ጀመሩ፤ በዚህም ተሾሙ።

የጥርሳቸውን ነገር ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በግንበኞች ዘንድ ከአባት የተወረሰ ደንብ አለ፤ ድልድይን ያቀደ ሰው፣ የመጀመሪያው ጭነት ሲያልፍ ከሥሩ ይቆማል። ካለፈለት ወደ ላይ ይወጣል፤ የግንበኞቹ አለቃም በሕዝብ ፊት የራሱን ቱንቢ፣ ያን በገመድ የሚንጠለጠል የግንበኛ ሚዛን፣ ከወገቡ ፈትቶ ያስረክበዋል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የድልድይ አለቃ ነው፤ በየትም አገር ያለ ግንበኛ በቃሉ ድንጋይ ያነሣል። ቱንቢ ያልተቀበለ ሰው ግን፣ ዕውቀቱ ከሰማይ ቢወርድም፣ አንድ ጠጠር የሚያቀብለው የለም። ለወንዶቹ ተማሪዎች ከዚህ ሌላ የትምህርት ቤቱ ማስረጃ ነበራቸው፤ ለሴት የሚሰጠው ወረቀት ግን «ትምህርቱን ተከታትላለች» ብቻ ይል ነበር፤ ሰልፍን እንደ ተከታተለ ሰው። ስለዚህ ማስመሪያ አለቃ የምትሆንበት መንገድ አንድ ነበር፤ እሱም በቅስት ሥር ያልፋል።

የዋና መሐንዲሱ የመጀመሪያ ንድፍ በወንዙ መካከል የሚቆም ምሰሶ ነበረው። ማስመሪያ በክፍል ውስጥ እጅዋን አውጥታ «ጌታዬ፤ ጎርፉ የምሰሶውን እግር ይበላዋል፤ ከዐለት ወደ ዐለት በአንድ ቅስት ቢሻገርስ?» ብላ ጠየቀች። ወንዶቹ ሳቁ። ዋና መሐንዲሱ አልሳቁም፤ ጢማቸውን አሻሹ። «እስቲ ለልምምድ ያህል ሥሪው» አሏት። ለልምምድ ያህል ሠራችው፤ ለልምምድ ያህል ሚኒስትሩ አጸደቁት፤ ለልምምድ ያህልም ድንጋይ ይፈለጥ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ውሎዋ ገደሉ ላይ ሆነ። ግንበኞቹ በአንድ ድንጋይ አቀማመጥ ሲከራከሩ «ተዉ እባካችሁ፤ ማስመሪያ ትምጣ» ይባባሉ ነበር፤ ትመጣለች፤ ትለካለች፤ ክርክሩ ያበቃል። ድልድዩ የማን እንደሆነ ያላወቀ ሠራተኛ ቢኖር ገና በዚያን ዕለት የተቀጠረ መሆን አለበት።

ቅስቱን የሚዘጋው የመጨረሻ ድንጋይ በገባ በሳምንቱ፣ በአንድ እሑድ ቀትር፣ ዋና መሐንዲሱ የእናቲቱን ደጃፍ አንኳኩ። አጎቷም እዚያው ነበር፤ ምሳ ላይ ደርሶ።

«እመቤቴ» አሉ፣ ቆባቸውን አውልቀው፤ «ልጅዎ ወርቅ ናት።»

«ይቀመጡ ጌታዬ» አለች እናት፤ «ወርቅ የሚያመሰግን ሰው አንድም ሊገዛ ነው፣ አንድም ሊበደር።»

ዋና መሐንዲሱ ከልባቸው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ግን ቶሎ አጠፉት። «ደንቡን ታውቂዋለሽ» አሏት ወደ ልጅቷ ዞረው፤ «ያቀደው ይቆማል። የዚህ ድልድይ አቃጅ አንቺ ነሽ። የእኔ ሕሊና ሌላ እንዳደርግ አይፈቅድልኝም። በሚኒስትሩ ፊት አንቺ ትቆሚያለሽ፤ ቱንቢውንም ከአጎትሽ እጅ አንቺ ትቀበያለሽ።»

ማስመሪያ የያዘችውን ዕቃ የት እንዳስቀመጠች ጠፋት። «እውነትዎን ነው ጌታዬ?»

«አጎትሽ ምስክር ነው።»

ሁሉም ወደ አጎት ዞሩ። አጎት ጉንጩ ሞልቶ ነበር፤ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ አዎን አለ፤ ዓይኑን ግን ከሳህኑ አላነሣም።

ዋና መሐንዲሱ ከወጡ በኋላ እናት በሩን ዘግታ ዞረች። «ስሚኝማ። ይኸ ሰውዬ ለክብር ሲባል ከወንድሙ ቀድሞ የሚሮጥ ሰው ነው። ዛሬ ክብሩን ተሸክሞ ቤትሽ ድረስ ያመጣልሽ ምን ነክቶት ነው?»

«ሕሊናው አልፈቀደለትም አይደል ያለው እማዬ?»

«እኔ የሕሊናውን ልብስ አጥቤ አላውቅም፤ የሸሚዙን አንገትጌ ግን አውቀዋለሁ። እሱ ባላመነበት ድልድይ ሥር አንቺን የሚያቆምሽ ለምንድን ነው?»

«እኔ አምንበታለሁ! የሠራሁት እኮ እኔ ነኝ።» ቀጥላም ወደ አጎቷ ዞረች፤ «ይንገሯት እንጂ አጎቴ!»

«ድልድዩ አይወድቅም» አለ አጎት። እውነቱን ነበር፤ የተናገረውም ይህን ብቻ ነው። ከዚያ ሥራ እንዳለበት ተናግሮ፣ በእሑድ ምድር፣ መሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ።

እነሆ አሁን ከቅስቱ ሥር ቆማለች። ፊሽካው ተነፋ። ባቡሩ አንዴ አጓራና ወደ ድልድዩ ገባ፤ ቅስቱ ከላይ ሲጫነው ድንጋዮቹ እርስ በርስ ሲተቃቀፉ ተሰማት፤ ይህን ድምፅ በወረቀት ላይ ስትሥለው ኖራለች፤ በጆሮዋ ስትሰማው ግን የመጀመሪያዋ ነው። ደቃቅ አቧራ በፀጉሯ ላይ ወረደ። አልተነቃነቀችም። እጅዋን ዘርግታ የቅስቱን እግር ዳሰሰችው፤ የምታጠባ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ።

በዚያችው ሰዓት ከላይ ዋና መሐንዲሱ ይናገሩ ነበር።

«ክቡር ሆይ! የተከበራችሁ እንግዶች! እኔ ይህን ድልድይ ሳቅድ የተማመንኩት በቁጥር ነው። ወንድ ልጅ ከሥሩ ቢቆም ጀግንነቱን ታደንቁ ነበር፤ ድልድዩን ግን ትረሱ ነበር። ስለዚህ ከትምህርት ቤቴ አንዲት ለጋ ልጃገረድ መርጬ በኔ ፈንታ አቆምሁ፤ ሥራዬ ምን ያህል የታመነ እንደሆነ እዩ ብዬ፤ ሴት እንኳ ሳትፈራ ትቆምበታለች! አዋጁ ሴቶችን አበረታቱ ብሏል፤ እኛም ይኸው በሙያችን ውስጥ ቦታ ሰጥተናቸዋል!»

ጭብጨባው ገደሉን ሞላው። ማስመሪያ ንግግሩን አልሰማችም፤ ፉርጎዎቹ ውጠውታል። ጭብጨባውን ግን ሰማች። ለእሷ መስሏት፣ ከቅስቱ ሥር፣ ብቻዋን፣ አለቀሰች።

በመወጣጫው ወጥታ ላይ ስትደርስ ፊቷን በክንዷ ጠርጋ ነበር። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። አጎቷ በግንበኞቹ ፊት ቆሟል፤ ቱንቢውን ከወገቡ ፈትቶ በሁለት እጁ ይዞታል። ማስመሪያ ቀረበችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

አጎቷ ወደ እሷ መጣ። በአጠገቧ አለፈ።

ትከሻው ትከሻዋን ነክቷል፤ የለመደችው የድንጋይ ብናኝ ሽታው አልፏት ሄደ። እጆቿ እንደ ተዘረጉ ናቸው። ከኋላዋ ዋና መሐንዲሱ ቱንቢውን ሲቀበሉ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበርና፣ ቱንቢው እንደ ተፈጥሮው አልዋሸም፤ ተወዛወዘ። ሕዝቡ ግን ቱንቢ አያነብም፤ እንደገና አጨበጨበ።

«ክቡር ሆይ!» አለች ማስመሪያ፤ ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «ድልድዩን ያቀድኩት እኔ ነኝ።»

ሚኒስትሩ እንደ ደግ አያት ፈገግ አሉ። «ልጄ፤ ሁላችንም ሠርተነዋል» አሉ። ሳቅ ፈነዳ፤ ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር፤ የሚያቆስለውም ለዚህ ነው። ማስመሪያ ወደ ግንበኞቹ ዞረች፤ «ማስመሪያ ትምጣ» ሲሉ ወደ ኖሩት አፎች። አንዱ ጫማውን ያያል፤ አንዱ ሰማዩን። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው፤ የዚያን ዕለት ከተማዋ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ዝምታ በጎተራ አስገባች።

«ለመሆኑ» አሉ ሚኒስትሩ ወደ ጸሓፊያቸው ዞረው፤ «ልጅቷ መኪና ትወዳለች አላላችሁኝም? ሽልማቷን አምጡላት።» ሁለት ሰዎች በጨርቅ የተሸፈነ ነገር ተሸክመው መጡ። ሲገለጥ የልብስ ስፌት መኪና ነበር።

ከዚያ የመታሰቢያው ድንጋይ መጋረጃ ተሳበ። የዋና መሐንዲሱ ስም በትልልቅ ፊደል፣ ማዕረጋቸው ከሥሩ፣ በመጨረሻም በትንንሽ ፊደል የግንበኞቹ አለቃ ስም። ማስመሪያ ስሞቹን ከማንበቧ በፊት ያየችው ሌላ ነገር ነው። በየመስመሩ መጨረሻ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ጭረት ነበረች።

ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ፣ አጎቷን ወንዙ ዳር አገኘችው። መሮውን ያጥብ ነበር።

«አጎቴ፤ ያ ድንጋይ መቼ ተጀመረ?»

አልዞረም። «መደገፊያው ሳይነሣ።»

«እሑድ ዕለት፣ እማዬ ቤት ምሳ ሲበሉ፣ አልቆ ነበር?»

«የሳቸው ስም አልቆ ነበር።» ውኃውን ከመሮው አራገፈ። «የኔ ቀርቶ ነበር።»

ያመኑት ፈረስ በደንደስ ሲጥል፣ የወደቀው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ሕመም አይደለም፤ መሬቱ ከየት መጣ የሚል ግርምት ነው።

«ልጄ፤ አትቀየሚኝ» አለ አጎት፤ አሁን ዞሮ ነበር። «ዕድሜዬን በሙሉ ለሰው ስም ስቀርጽ ኖርሁ። አንድ ቀን ራሴን ብቀርጽ ምን አለ? እምቢ ብል ሌላ ይቀርጸዋል፤ የኔም ስም ይቀራል፤ ያንቺ እንደሁ በየትኛውም መንገድ አይገባም። ዋና መሐንዲሱም ጊዜው ገና ነው አሉ።»

«ከሥሩ ለመቆም ግን ጊዜዬ ደርሶ ነበር።»

«ድልድዩ አይወድቅማ! ባይሆን አቆምሽ ነበር?»

«ስለ ድልድዩ አልጠየቅሁዎትም» አለች። «በድንጋዩ ላይ ለኔ ስም ቦታ ጠፍቶ ነው?»

«አልበቃም ልጄ።»

ዋሸ። ከስሙ በታች፣ በድንጋዩ ግርጌ፣ መዳፍ የሚያህል ልሙጥ ቦታ ተርፏል፤ እሷም አይታዋለች፤ እሱም እንዳየችው ያውቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በአንድ ገበታ አልተቀመጡም። እናት ወንድሟን በደጃፏ ሲያልፍ ብታየው እንኳ ልብስ እንደምታሰጣ ሆና ፊቷን በአንሶላ ትጋርድ ነበር።

የስፌት መኪናውን ማስመሪያ በማግስቱ አሸክማ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችው፤ በንድፍ ክፍሉ ከመስታወቱ ፊት አስቀመጠችው። ተማሪዎቹ ምን ልታደርግ እንደሆነ ጠየቋት። «ራሱን ይይ» አለችና ወጣች፤ ተመልሳም አልገባችም።

በተከታዩ ዓመት በትምህርት ቤቱ አንዲት ልጃገረድ አልተመዘገበችም። እናቶች በየውኃው ዳር ተነጋግረው ነበርና፤ «ሴቶቹን ከድልድይ ሥር የሚያቆሙበት ነው አሉ፤ ቢወድቅ የማይቆጭ ሰው ሲፈልጉ!» ይባባሉ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ለሚኒስቴሩ ባቀረቡት መግለጫ፣ በቂ ማበረታቻ ቢደረግም፣ መስታወት ቢሰቀልም፣ ሴቶች በተፈጥሯቸው ለመሐንዲስነት ፍላጎት እንደሌላቸው በሐዘን አስታወቁ። መግለጫው ተመሰገነ። መስታወቱም አልባከነም፤ ወንዶቹ ፀጉራቸውን ያበጥሩበት ነበር።

ማስመሪያ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ለሌሎች ሰዎች ንድፍ ስትሥል ኖረች። በሥዕሎቿ ላይ ብዙ ሰዎች ፈረሙ፤ ብዙዎቹም ቱንቢ ተቀበሉ። እሷ አልተቀበለችም። ፀጉሯ ከነጣ፣ ቀጥ ያለ ወገቧ ከጎበጠ በኋላ፣ አንድ ቀን በባቡር ያንን ወንዝ ተሻገረች። ከፊቷ አንዲት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ ልጅቱ በመስኮት ልትወጣ ደርሳለች።

«እማ! እዚህ ሥር ነው አይደል ልጅቷ ያለችው?»

«አዎ፤ ድልድዩ እንዲጸና ብለው ከነነፍሷ የቀበሯት። ነይ ተቀመጪ፤ ወደ ታች አትይ።»

«አልቀበሯትም» አለች አሮጊቷ።

ልጅቱ ዞረች። «ታዲያ ምን አደረጓት?»

«ቆማ ነበር።»

«አልፈራችም?»

«እንደማይወድቅ ታውቅ ነበር።»

«እንዴት አወቀች?»

«አሁንስ አበዛሽው፤ እማማን አታድክሚያቸው!» አለች እናት፤ ልጇን ጎትታ ወደ መቀመጫዋ መለሰች። አሮጊቷ አፏን ከፍታ ነበር። ባቡሩም ድልድዩን ጨረሰ።

የዘመኑ መጻሕፍት ስለዚያ ድልድይ ብዙ ጽፈዋል፤ የዋና መሐንዲሱ ብልሃት ይደነቅባቸዋል፤ ስማቸውን እኛ እዚህ ያልደገምነው ድንጋዩ በደንብ ስለያዘላቸው ነው። ሕዝቡ ደግሞ መጽሐፍ ስለማያነብ ከሥሩ ልጃገረድ እንደ ነበረች አልረሳም፤ ግን ሴት ልጅ ድልድይ ሥር ምን ትሠራለች ብሎ ሲያስብ ከመቀበር ሌላ ምክንያት አልታየውም። ሁለቱም በየፊናቸው ታማኞች ናቸው፤ አንዱም እሷን አያውቃትም። ቅስቱ እሷ እንደሣለችው ቆሟል። በመታሰቢያው ድንጋይ ግርጌ ያለችው ልሙጥ ቦታም እስከ ዛሬ አልተነካችም፤ መንገደኞች ሻንጣቸውን ሲያሳርፉ ይደገፉባታል፤ መዳፍ ታህላለች፤ አጠር ላለ ስም ትበቃ ነበር።